ከቀኝ የሚጀምረው ኮምፒውተር

አባቴ ከኩዌት የላከልን ኮምፒውተር ግብፅ ውስጥ ያለችው ከተማችን ረሺድ የደረሰው በሚኒባስ ጣሪያ ላይ፣ በሁለት ብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ነው። አሥር ዓመቴ ነበር። የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ሚኒባሱን ተከትሎ እየሮጠ መጣ፤ ጎረቤቶቻችን በየበረንዳው ወጡ፤ እናቴ ደረጃው ላይ ቆማ ተሸካሚዎቹን ስትቆጣ፣ ስትለምን፣ መልሳ ስትመርቅ ድምጿ እስከ ወንዙ ዳር ይሰማ ነበር።

ሳሎን አስገቡት። ሳሎናችን እንግዳ ሲመጣ ብቻ የሚከፈት፣ ወንበሮቹ ከነላስቲካቸው የተቀመጡበት ክፍል ነው። እናቴ ራሷ በኪሮሽ የሠራችውን ነጭ ዳንቴል አለበሰችውና ለሦስት ቀን ማንም እንዳይነካው ከለከለች። ሴቶቹ እየመጡ "እስኪ ሙሽራይቱን አሳዪን" ይሏታል። እሷም ዳንቴሉን ገለጥ አድርጋ ታሳያቸውና መልሳ ትሸፍነዋለች።

አባቴ ሻዕባን የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፤ የሚመጣው በሁለት ዓመት አንዴ ነበር። ደብዳቤ ጽፎልን አያውቅም። የሚልከው ካሴት ነው፤ ባሎቻቸው ባሕር ማዶ የሄዱ የሰፈራችን ሴቶች ሁሉ የሚጻጻፉት እንደዚያ ነበር፣ መጻጻፍ ከተባለ። እናቴ ቴፑ አጠገብ ተቀምጣ ቀዩን ቁልፍ ትጫንና የዓሣውን መወደድ፣ የታናሽ ወንድሜን የካራምን ጥርስ ማውጣት፣ የጣሪያውን ማፍሰስ አንድ ሳታስቀር ትነግረዋለች። እኔ ደግሞ ካሴት የምትመርጠው ድምጿ ስለሚያምር ይመስለኝ ነበር። እንዲህ ያለ ድምፅ እያላት ምን ብላ ትጽፋለች?

ኮምፒውተር ለኔ እንግዳ ነገር አልነበረም። ትምህርት ቤታችን በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ የኮምፒውተር ትምህርት ነበረን፤ የጎደለው ኮምፒውተሩ ብቻ ነው። መምህራችን ኡስታዝ ወጊህ፣ እጅጌው ከጠመኔ ተለይቶ የማያውቅ ቀጭን ወጣት፣ ስክሪኑን ጥቁር ሰሌዳው ላይ ይስልልን ነበር። ከታች በግራ ጥግ ትንሽ ሳጥን፣ ስታርት። በግራ በኩል ከላይ ወደ ታች የተደረደሩ ሥዕሎች። ከታች በቀኝ ጥግ ሰዓት። ማውስ እንድንለማመድ ደግሞ ከየቤታችን አንድ አንድ ሳሙና ይዘን እንድንመጣ አዘዘን። አርባ ሁለት ልጆች አርባ ሁለት ሳሙና ዴስክ ላይ እያንሸራተትን፣ በጣታችን ሁለቴ መታ መታ እያደረግን "ተከፈተ" እንላለን። አንዱ ልጅ የሱ ሳሙና የወይራ ስለሆነ ከሁላችንም የሚፈጥን ይመስለውና ይጎርርብን ነበር።

ትምህርቱ ሲያልቅ ያንን የሚያዳልጥ ዴስክ ሁሉ የምትወለውለው እናቴ ነበረች።

ይህን ቶሎ ተናግሬው ይውጣልኝ። እናቴ ኢንሺራህ የትምህርት ቤታችን ጽዳት ሠራተኛ ነበረች። በኛ አገር እንደሷ ያሉትን ሴቶች ተማሪ ሁሉ "ዳዳ" ብሎ ነው የሚጠራቸው፤ እሷም ዳዳ ኢንሺራህ ነበረች። ሁለተኛ ክፍል ሳለሁ አንዲት አዲስ ገቢ ልጅ "ያቺ ዳዳ እናትሽ ናት እንዴ?" ብትለኝ "አይደለችም" አልኳት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግቢው ውስጥ እኔም ዳዳ እላት ጀመር። ቤት ስንገባ እማዬ፣ ከበር ስንወጣ ዳዳ። የሚያውቀው ሰው ያው ያውቅ ነበር፤ እኔ ግን የደበቅኩት መስሎኝ እኖር ነበር። እሷ አንድም ቀን ለምን አላለችኝም። ነገሩ ያልገባት ወይም ግድ ያልሰጣት ይመስለኝ ነበር።

በአራተኛው ቀን ዳንቴሉ ተነሣ። አንድ የአባቴ ጓደኛ ገመዶቹን ሰካክቶልን፣ ሻዩን ጠጥቶ ሄደ። ኮምፒውተሩ ሲበራ ስክሪኑን ጠጋ ብዬ አየሁት። በግራ ጥግ፣ ስታርት ሊኖርበት በሚገባው ቦታ፣ ሰዓቱ ተቀምጧል። በቀኝ ጥግ፣ ሰዓቱ በሚገባው ቦታ፣ በዓረብኛ "ጀምር" የሚል ሳጥን አለ። ሥዕሎቹም ግራውን ትተው በቀኝ በኩል ተሰልፈዋል። ሁሉም ነገር የኡስታዝ ወጊህ ሰሌዳ ግልባጭ ነበር። ወዲያው ገባኝ፤ አባቴን አታለውታል። ሲሠራ የተገለበጠ፣ ማንም የማይፈልገው ኮምፒውተር ሸጠውለታል።

እርግጥ ማንም አላታለለውም። ዓረብኛ ከቀኝ ስለሚነበብ በዓረብኛ የተዘጋጀውም ኮምፒውተር ከቀኝ ነበር የሚጀምረው፤ ሰሌዳው ላይ የሚሳለው እንግሊዝኛው ነው። ይህን የነገረኝ ሰው አልነበረም፤ እኔም ማንንም አልጠየቅኩም። እናቴ ካወቀች በካሴት ትነግረዋለች፣ አባቴ ከሰማ በዚያ በረሃ ብቻውን ያዝናል ብዬ አሰብኩ። ሆድ ይፍጀው ብዬ ዝም አልኩ። በልጅነቴ ከያዝኳቸው ምስጢሮች ሁሉ በደንብ የጠበቅኩት ይህንን ነው፤ እሱም ምስጢር አልነበረም።

የብርዱ ወራት ሲገባ ለትምህርት ቤታችን አሥራ ሁለት ኮምፒውተሮች ተላኩለት። ርዕሰ መምህርቷ አብላ ሱሄር የድሮውን መጋዘን ቀለም አስቀባች፣ መጋረጃ አሰቀለች፣ በሩ ላይ የብረት ፍርግርግ አስገጠመች። የክፍል ኃላፊ ወሬ የተነሣውም ያኔ ነው። ጠዋት ክፍሉን የሚከፍት፣ አሥራ ሁለቱንም የሚያበራ፣ ከሰዓት በኋላ በሥርዓቱ የሚያጠፋ አንድ ሰው ይመደባል ተባለ፤ ሥራው ቋሚ ነው። እናቴ ጊዜያዊ ነበረች። በዚያ ላይ ጉልበቷ ያብጥ ነበር፤ የሦስት ፎቅ ደረጃ ተንበርክካ አጥባ ስትመለስ ቁጭ ለማለት እንኳ ግድግዳ ትደገፋለች። ከአንድ ዓመት በላይ እንደማትችለው እሷም ታውቅ ነበር፤ እኔ ግን የምታነክሰው ጫማዋ ጠቧት ይመስለኝ ነበር።

አንድ ቀን ከሥራ መጥታ ነጠላ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ሳሎን ገባች።

"ነርሚን፣ ነይ እስኪ። ይሄን ነገር አስተምሪኝ።"

"ምኑን?"

"ማብራት፣ መክፈት፣ መዝጋት፣ ማጥፋት። ሌላ አልፈልግም። ለአብላ ሱሄር እችላለሁ ብያታለሁ።"

"ትችያለሽ እንዴ?"

"ምን አስቸኮለሽ፣ ታስችይኛለሽ። የሚፈትነኝ ሰው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው የሚመጣው።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ የከሰዓት በኋላው የዐስር ሶላት ሲያበቃ፣ ካራም ሲተኛ፣ ሁለታችን ላስቲክ በለበሱት ወንበሮች ላይ ጎን ለጎን እንቀመጥ ነበር። እናቴ መጥፎ ተማሪ ነበረች፤ ወይም ለእኔ እንደዚያ ትመስለኝ ነበር። ማውሱን እየገፋች ጠረጴዛው ጫፍ ስትደርስ "ጠረጴዛው አለቀብኝ፣ ጎተት አድርጊልኝ" ትለኛለች። አንሥተሽ መልሰሽ አስቀምጪው ብላት፣ የምታነሣው ከሆነ ለምን ገፋሁት ብላ ትከራከረኛለች። ሁለቴ ንኪው ስላት በሩ የተቆለፈበት ሰው ይመስል ትደበድበዋለች። እኔም የኡስታዝ ወጊህን ድምፅ እያስመሰልኩ "ቀስ በይ፣ ሳሙና አይደለም" እላታለሁ። አስተማሪ መሆን ደስ ይለኝ ነበር። በቀን ለአንድ ሰዓት እኔ ትልቅ ነበርኩ፣ እሷ ትንሽ።

ስማቸውን ግን በጭራሽ አልይዝልሽ አለችኝ። ሰነዶች ያለበት ፎልደር "ቢጫው ኪስ" ነው። ጽሑፍ የሚጻፍበትን ዎርድን፣ በሰማያዊ የተጠማዘዘ ፊደል ስላለበት፣ "እባቡ" ትለዋለች። ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ከማለቁ በፊት ጥቁሩ ስክሪን ላይ የሚወጣው ብርቱካናማ ጽሑፍ "ፍሙ" ነበር፤ ፍሙ ሲታይ ቁልፉን ተጭኖ ማጥፋት ነው። ትክክለኛ ስሙ እኮ ከሥሩ ተጽፏል ብላት "የኔ እናት፣ አንቺ በስሙ ጥሪው፣ እኔ በመልኩ እጠራዋለሁ" ብላ ታልፈኛለች። የቀረውን በቦታ ነበር የያዘችው። ሩዝ ስታጥብ፣ ካራምን ስታለብስ፣ ለራሷ ስታነበንብ እሰማታለሁ፤ ከቀኝ ታች ጥጉ፣ ከጥጉ በላይ የመጀመሪያዋ፣ ሳጥን ሲመጣ መሃለኛዋ፣ ከዚያ ፍሙ።

ያም ሆኖ የምኮራባት ነገር ነበረኝ። እናቴ ማኅተም ነበራት። የጣት ጫፍ የምታህል፣ ስሟ የተቀረጸባት የነሐስ ማኅተም በትንሽ ከረጢት አድርጋ አንገቷ ላይ ታንጠለጥላታለች። ፖስታ ቤት ሄደን የአባቴን ጥቅል ስንቀበል ሌላው ሰው በእስክሪብቶ ሲሞነጭር፣ እሷ ከደረቷ አውጥታ እፍ ብላባት፣ ወረቀቱ ላይ ጠቅ ታደርጋታለች። ከሷ ሌላ ማኅተም ያላት የማውቃት ሴት አንዲት ብቻ ነበረች፣ አብላ ሱሄር። የሷ ትልቅ ናት፣ የመንግሥት ንስር አለባት፣ መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎባት ነው የምትቀመጠው። የኛዋ ግን አንገት ላይ ነበረች፣ እሱ ይበልጣል ብዬ አምን ነበር።

ፈተናው አንድ ሳምንት ሲቀረው ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም የሚባለውን ሥራ ሠራሁ። ሥዕሎቹን በፊደል ተራ ደረደርኳቸው። የሚያደርገውን ትእዛዝ ብቻዬን ነበር ያገኘሁት፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ተነሥተው በየቦታቸው ሲሰለፉ ተደነቅኩ፤ እናቴም የምትደነቅ መስሎኝ ነበር። መጥታ ተቀመጠች። እጇ የለመደችበት ቦታ ሄዳ ሁለቴ ነካች። የተጣለ ነገር የሚጠራቀምበት ቅርጫት ተከፈተ። ዘጋችውና ሌላ ነካች፣ የማናውቀው ነገር መጣ። ከዚያ እጇን ከማውሱ አንሥታ ጭኗ ላይ አሳረፈችና ፊቷ አመድ መሰለ።

"ማነው የነካካው?"

"እኔ ነኝ። አስተካከልኩት እኮ። አሁን ተነቦ ይገኛል።"

በጥፊ አለችኝ። እናቴ መትታኝ የማታውቅ ሴት ናት። ከዚያ ራሷ ደንግጣ ታቅፈኝ ጀመር፣ "መልሺልኝ፣ እንደነበረ መልሺልኝ" እያለች። አንድ በአንድ እየጎተትኩ መለስኳቸው። እሷ ከጀርባዬ ቆማ "ቢጫው ወደ ላይ፣ እባቡ ከሱ ሥር፣ የለም፣ አንድ ዝቅ" ትለኛለች፤ አንዱንም አልተሳሳተችም። የተቆጣችው ዕቃዋ ሲነካባት ስለማትወድ መስሎኝ ነበር። ኩሽናዋም ውስጥ ማንኪያ ቦታ ሲቀይር ያማት ነበርና።

እናቴ ማንበብ እንደማትችል ያወቅኩት በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። የመታወቂያ ካርዷን ልናሳድስ አብረን ሄደን ጸሐፊው ማንበብና መጻፍ ትችል እንደሆነ ጠየቃት፤ እሷም ሻይ በስኳር አልጠጣም እንደሚል ሰው ቀለል አድርጋ "አልችልም" አለችው። እኔ አጠገቧ ቆሜ ካሴቶቹን፣ ቢጫውን ኪስ፣ ጥፊውን፣ ሁሉንም በአንድ ጊዜ አየኋቸው። ማኅተምም መፈረም የማይችል ሰው የሚይዛት ነገር መሆኗ የገባኝ ያኔ ነው። በዚያ ሁሉ ፊደል ፊት ተቀምጣ፣ አንዱን እንኳ ሳታውቅ፣ አሥር ዓመት ያልዘለላት ልጅ "ሳሙና አይደለም" እያለች ስታሾፍባት፣ አገሩን በመንገዱ ብቻ እንደሚያውቅ ሰው መንገዱን ሸመደደችው።

የፈተናው ቀን የእኛ ክፍል እንግዳውን እንዲቀበል ተመርጦ፣ አዲሱ ክፍል ውስጥ ግድግዳውን ተደግፈን በሁለት ረድፍ ቆምን። ከትምህርት ጽሕፈት ቤት የመጣው ኡስታዝ ፈትሒ ይባላል፤ ወፍራም፣ ሳቂታ፣ መነጽሩ ግንባሩ ላይ የሚውል ሰው ነበር። አብላ ሱሄርና ኡስታዝ ወጊህ በግራና ቀኙ ተቀመጡ። ጠረጴዛው ላይ ወረቀትና የክፍሉ ትልቅ የበር ቁልፍ ነበር።

እናቴ ንጹሕ ሰማያዊ ጋውን ለብሳ ገባች። ሻሽዋ አዲስ ነው። በልጆቹ መሃል እየፈለገች አገኘችኝና ዓይኗን ወዲያው መለሰች፤ ግቢ ውስጥ እንደማንተዋወቅ ታውቃለቻ።

የመጀመሪያውን ኮምፒውተር አበራች። ስታርቱ በግራ ነበር። ሥዕሎቹ በግራ ነበሩ። አሥራ ሁለቱም እንደ ሰሌዳው ናቸው፤ እኔ እናቴን ሦስት ሳምንት ሙሉ ያስተማርኳት በተገለበጠው ነው። መናገር ነበረብኝ፤ ለአባቴ ብዬ ዝም አልኩ፤ አሁን ደግሞ ጊዜው አልፏል። እናቴ ማውሱን ወደ ቀኝ ጥግ ወስዳ ነካች። ሰዓቱ ላይ ነበር ያረፈችው፤ የቀን መቁጠሪያ ያለበት ሳጥን ተከፈተ።

"ሰዓት አለፈብሽ እንዴ ዳዳ?" አላት ኡስታዝ ፈትሒ። ልጆቹ ሳቁ። እኔም አብሬ ፈገግ ያልኩ ይመስለኛል፣ እንዳይታወቅብኝ።

እናቴ እጇን ጋውኗ ላይ ጠረገችና ስክሪኑን አየችው። ብዙ ቆየች። ኡስታዝ ወጊህ ጫማውን ማየት ጀመረ፤ አብላ ሱሄር እስክሪብቶዋን ከፈተች፣ ዘጋች። ከዚያ እናቴ የልብስን ውስጥና ውጭ እንደምትለይ ሁሉ አንገቷን ዘንበል አድርጋ አየችውና በጣም ቀስ ብላ "እህ" አለች። የተከፈተውን ሳጥን ዘጋችው። እጇ ወደ ግራ ሄደች። ቢጫው ኪስ ከላይ ስንተኛ እንደነበረ በግራ በኩል ቆጥራ ከፈተችው። እባቡን አገኘችው፤ ነጩ ገጽ መጣ፤ ዘጋችው። ከግራ ታች ጥጉ፣ ከጥጉ በላይ የመጀመሪያዋ። ቤት የሸመደደችውን ሁሉ አገላብጣ አንድ በአንድ ስታወርደው ትንፋሼን ይዤ ቆጠርኩላት።

የመጨረሻው ሳጥን ሲመጣ ኡስታዝ ፈትሒ እጁን አነሣ። "ቆይ፣ ዝም ብለሽ አትንኪ። ምን ይላል? አንብቢልኝ።"

እናቴ ቀና አላለችም። ኡስታዝ ወጊህ ጉሮሮውን ጠረገ። "እንግሊዝኛ ነው እኮ ኡስታዝ።"

ኡስታዝ ፈትሒ መነጽሩን ከግንባሩ አውርዶ ስክሪኑን ጠጋ ብሎ አየ፤ ከንፈሩን አንቀሳቀሰ፤ መነጽሩን መልሶ ሰቀለው። "እሱስ ነው" አለ። "ታዲያ አንቺ በምን ለየሽው?"

"በቦታው ነዋ። ጨው ማስቀመጫዬ ላይ ጨው ብዬ አልጽፍም፣ ጌታዬ። ሄጄ ማንሣት ነው።"

ክፍሉ ሁሉ ሳቀ፤ እሱ ከሁሉም በላይ ሳቀ። ዛሬ ሳስበው ያ የተገለበጠ ስክሪን ሊያጠፋት ደርሶ ያዳናትም እሱ ነው። በዓረብኛ ቢሆን ኖሮ ማንበብ ነበረባት። በእንግሊዝኛ ፊት ግን ከኡስታዝ ወጊህ በቀር እዚያ የነበረው ሰው ሁሉ፣ ፈታኙም ጭምር፣ ከእናቴ እምብዛም አይሻልም ነበር። መሃለኛዋን ነካች። ፍሙ ታየ። የማጥፊያውን ቁልፍ ተጫነች።

እንዴት እንደኮራሁባት መናገር ያቅተኛል። አንድ ሰው የተገለበጠ ኮምፒውተር ተምሮ በትክክለኛው ይፈተናል? እናቴ አደረገችው። በዚያች ቅጽበት ከአብላ ሱሄርም፣ ከኡስታዝ ወጊህም ትበልጥብኝ ነበር፤ ይህን ደግሞ እዚያ ካለው ሰው ሁሉ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

ኡስታዝ ፈትሒ ወረቀቱንና እስክሪብቶውን ወደ እናቴ ገፋ አደረገ፤ ቁልፉን ከላዩ አስቀመጠበት። "መብሩክ፣ እንኳን ደስ ያለሽ። ፈርሚና ውሰጂው።"

እናቴ እስክሪብቶውን አላነሣችም። አብላ ሱሄር ቶሎ ብላ "ቢሮ እናስፈርማታለን ኡስታዝ፣ ሻዩ ይቀዘቅዛል" አለችና ወረቀቱን ልትወስድ እጇን ዘረጋች። እኔ የገባኝ ሌላ ነው። አብላ ሱሄር የእናቴን ማኅተም እንዲያዩባት አልፈለገችም፤ በትምህርት ቤቱ ማኅተም ያላት እሷ ብቻ እንድትመስል ነው። እናቴ ደግሞ እንደልማዷ ዝም ልትል ነው። ይሄ አይሆንም አልኩ። ከረድፉ ወጣሁ።

"እማዬ፣ ማኅተምሽ አለ አይደል! አንገቷ ላይ ናት፣ ልክ እንደ አብላ ሱሄር ማኅተም አላት!"

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ማንም አልሳቀም። የኡስታዝ ፈትሒ ፊት ቀስ እያለ ሲዘጋ አየሁት። ወረቀቱን ከእናቴ እጅ ሥር ስቦ አገላበጠ።

"እዚህ ማንበብና መጻፍ ትችላለች ይላል።"

"የሞላሁት እኔ ነኝ" አለች አብላ ሱሄር። ጆሮዋ ቀልቶ ነበር።

"መዝገብ አለው ሥራው። የትኛው ተበላሸ፣ ማን ገባ፣ ማን ወጣ፣ በየቀኑ ይሞላል።" ይህን ለእናቴ ነበር የሚላት፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ደንብ ነው እህቴ። በኔ እጅ ቢሆን እሰጥሽ ነበር።" ቁልፉን አንሥቶ ኪሱ ከተተው። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ክፉ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

እናቴ ወደኔ ዞራ አየችኝ። ምን ዓይነት አስተያየት እንደነበር ያኔ አልገባኝም፤ አስፈራኝ። መጣች፣ በሰው ሁሉ ፊት እጄን ያዘች፣ በሩን ከፍታ ይዛኝ ወጣች። ሥራዋን ጥላ ስትወጣ አይቻት አላውቅም ነበር። እስከ ቤት ድረስ እጄን አልለቀቀችም፤ ጣቶቼ እስኪያሙኝ ነበር የጨበጠችኝ። ቤት ደርሳ እንደምትገርፈኝ እርግጠኛ ነበርኩ። ወንዙ ዳር ስንደርስ ቆመችና ከጋሪው ግብጦ ገዛችልኝ። ግብጦውን እያለቀስኩ ልጬ በላሁ፤ ከበላሁ በኋላ የሚመጣውን ዱላ እየጠበቅኩ። ዱላው አልመጣም። ለምን ቁልፉን እንደከለከሏት ስጠይቃት "አንቺ ምን ቸገረሽ" አለችኝ፤ እኔም በማኅተሟ ቀንተው ነው ብዬ ደመደምኩ፤ ለብዙ ዓመታትም እንደዚያው አመንኩ።

ቁልፉ የደረሰው ስድስተኛ ክፍል የጨረሰበት ወረቀት ለነበረው ለበር ጠባቂው ለአጎት በዩሚ ነው። ማውስ ነክቶ አያውቅም። ጠዋት ክፍሉን ይከፍትና ወንበሩ ላይ ሻዩን ይጠጣል፤ እናቴ ጉልበቷን እየጎተተች ገብታ አሥራ ሁለቱን ታበራለታለች፤ ከሰዓት በኋላ ታጠፋለታለች፤ የተበላሸውን በጣቷ ታሳየውና መዝገቡ ላይ ይጽፋል። ሰባት ዓመት እንደዚያ ሠሩ። አብላ ሱሄር ማንበብ እንድትማር የማታ ትምህርት አስመዝግባት ነበር፤ ሁለት ወር ሄዳ ካራም በኩፍኝ ሲታመም ተወችው። ጉልበቷ በመጨረሻ አልታጠፍም ሲላት ሥራውን ለቀቀች፤ ጡረታ የሚባል ነገር አልነበራትም።

ይህን ሁሉ ካወቅኩ ጀምሮ ሃያ ዓመት ሙሉ ይቅርታ ልጠይቃት እፈልግ ነበር። ሥራዬ ኮምፒውተር ነው፤ ሰው ሳሠለጥን ማንበብ የሚቸግረው ይኖር ይሆን እያልኩ ዓይን ዓይናቸውን አያለሁ፤ ይቅርታ መጠየቅ ያለብኝን ሰው ግን አልጠየቅኩም። ባለፈው የዒድ ሰሞን ከአሌክሳንድሪያ መጥቼ እናቴ ኩሽና ውስጥ የዓሣ ቅርፊት እየፋቀች ሳለ አጠገቧ ቆሜ፣ ያን ቀን ቁልፉን ያሳጣኋት እኔ እንደሆንኩ፣ ጉልበቷንም የጨረስኩት እኔ እንደሆንኩ ነገርኳት።

ቢላዋውን ሳታስቀምጥ ሰማችኝ። "ቁልፉንማ በዩሚ ይዞት ሞተ፣ ነፍሱን ይማረው፤ ምን ተጠቀመበት?" አለች። "አንቺ ያን ቀን ምን እንዳልሽ ታስታውሻለሽ?"

"ማኅተም አላት አልኩ።"

"ከሱ በፊት።"

አላስታወስኩም።

"እማዬ አልሽኝ" አለች። "ሦስት ዓመት ዳዳ ስትይኝ ከርመሽ፣ ያ ሁሉ ልጅ እየሰማሽ፣ አስተማሪዎችሽ እየሰሙሽ፣ እማዬ ብለሽ ጠራሽኝ። እንዲያውም በኩራት።" ዓሣውን ገልብጣ ሌላውን ጎኑን መፋቅ ጀመረች። "ሰውየው የሚለውን አልሰማሁትም እኮ። እጅሽን ይዤ መውጣት ነበር የፈለግኩት።"

እኔ ያን ያህል አጥብቃ የያዘችኝ ልትቀጣኝ መስሎኝ ነበር።